አባባ፣ አጥፍተው ያብሩት

መስከረም 12

ለባሕር ማዶዋ ጠጋኝ፣ ለልጄ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደህና አይደለም፤ እሱም ቢሆን ከጥንትም ከእኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። እድሜሽ ይርዘም፣ አለቃሽ ልብ ይግዛ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም። ምርቃቱን እዚህ ላይ የማቆመው አልቆብኝ አይደለም፤ ለአቤቱታው ቦታ እንዲተርፈኝ ብዬ ነው።

አቤቱታው ይኸውልሽ። ኮምፒውተርሽ እየሞተ ነው። አምና በጥቅምት ስትልኪው «አባባ፣ ይሄ አሥር ዓመት ያገለግልዎታል» ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ ወረቀቱ አለኝ፣ አትክጂም። ዓመት ሳይሞላው እንደኔ ሸመገለ። «ሀ»ን እጫናለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ፣ «ሀ» ገና አልመጣችም። ስትመጣ ደግሞ ስድስት ሆና ነው የምትመጣው።

ነገሩ ጨዋታ ቢሆን ዝም እል ነበር። የውኃ መሥሪያ ቤቱ አዲሷ ኢንጂነር በሐምሌ መጥታ በሬን አንኳኳች። ከመጋቢት 15 ጀምረው የከተማውን አሮጌ ቧንቧ ቆፍረው አውጥተው በአዲስ ሊተኩ ነው። ከመሬት በታች ሁለት መቶ አሥራ አራት ቫልቭ ተቀብሯል። የትኛው ቫልቭ የት እንደሆነ የሚያሳየው ካርታ የነበረበት መጋዘን ጣሪያው አፈሰሰና ወረቀቱ ሟሟ። የውኃ መሥሪያ ቤትን ወረቀት ውኃ በላው ብዬ ብስቅ ልጅቱ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ አያስቅም። ሳያውቁ ከቆፈሩ ቧንቧውን ይበጥሱታል፣ የሚዘጉበትን ቫልቭም አያገኙም፣ ግማሹ ከተማ ለሳምንታት ውኃ አያይም። ስለዚህ በፓምፕ ጣቢያው ሠላሳ አንድ ዓመት ኦፕሬተር የነበረ ሰው በጭንቅላቱ ያለውን እንዲጽፍላት ለመነች። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። የጣቢያችን ዘይት ቀቢ የነበረው ግራሶ አለ እርግጥ፤ ከመንገዱ ማዶ ቁልፍ ሲቀርጽ ይውላል። እሱን ግን ተዪው። የሁለተኛውን ፓምፕ ኩሽኔታ ሳይቀባ ትቶ ያቃጠለው እሱ መሆኑን ጡት ሳትጥዪ ጀምሮ ነግሬሻለሁ። ሰላም ከተባባልን ሃያ ስድስት ዓመታችን።

እንግዲህ ሌላ ኮምፒውተር ላኪልኝ፤ ወይም የዚህን መድኃኒት። ስልክ እንዳትደውዪ። ፓምፕ ጆሮዬ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጮኽ ኖሮ ምን ተረፈኝ? ባለፈው «እንደምን ነዎት» ስትዪኝ «ማን ሞተ?» ብዬ ግቢውን በሙሉ አሸብሬያለሁ።

አያትሽ

ጥቅምት 3

ለምወድዎ አያቴ፤

ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ ይድረስዎ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልኝ፤ ምላስዎ ግን ምንም እንዳልሆነ ከደብዳቤዎ አይቻለሁ።

አባባ፣ የምሠራው አሥራ ስምንት ፎቅ ካለው ሕንፃ ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ከላይ ያሉት ዘጠኝ መቶ ሰዎች ኮምፒውተራቸው ሲያስቸግራቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው። እኔም ስልኩን አንሥቼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «አጥፍተው አብርተውታል?» ይቆጡኛል። አንዱማ ትናንት «አንቺን የቀጠሩሽ ይህን ለማለት ነው?» አለኝ። አዎ፣ ይህን ለማለት ነው። ከአሥሩ ሰባቱ በዚህ ይድናሉ፤ ሰባቱም አያመሰግኑም።

ልጅ ሆኜ የማጣሪያ ገንዳውን ወስደው አሳይተውኝ ነበር። ውኃው ከላይ ንጹሕ ነው፤ ደለሉ ከታች በየቀኑ ይጨምራል። ወር ሲሞላ ገንዳውን አፍስሳችሁ ታጥቡታላችሁ። ካላጠባችሁት ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የኮምፒውተርም ሜሞሪ እንደዚያው ነው። የከፈቱት ፕሮግራም ሁሉ ቦታ ይይዛል፤ ሲዘጉት ወጣሁ ይላል እንጂ የያዘውን ሁሉ አይመልስም። ሳያዩት ከኋላ የሚሠሩም አሉ፤ አንድ ነገር ሲሳሳትባቸው እዚያው ላይ ሲዞሩ ይከርማሉ። አፕዴት የሚባሉት አዳዲስ ማስተካከያዎች ደግሞ በር ላይ ቆመው «ካልጠፋህ አንገባም» ይላሉ። ሲያጠፉት ገንዳው ይፈስሳል፤ ሲያበሩት በንጹሕ ይጀምራል። በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። አጥፍተው ያብሩት። ማጥፋት አለማጥፋትዎን ይጻፉልኝ።

የልጅ ልጅዎ

ጥቅምት 24

ለገንዳ አጣቢዋ የልጄ ልጅ፤

ደብዳቤሽ በሰላም ደረሰኝ፤ አንቺም በሰላም ኑሪልኝ፤ ዘጠኝ መቶውም ሰዎች ልብ ይስጣቸው።

አጥፍተዋል ወይ ትዪኛለሽ። በየቀኑ አጠፋዋለሁ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ሦስት ሞተርና ስድስት ፓምፕ ያስተዳደረን ሰው መብራት አጥፍተህ ተኝተሃል ወይ ይሉታል? ስለ ገንዳው ያልሽው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ረስተሻል። ጣቢያው ሁለት ገንዳ ነበረው፤ አንዱን ስናጥብ አንዱ ይሠራ ነበር። አንቺ የኮምፒውተሩን መንታ አልላክሽልኝም።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠጋኝ መጥቶ አየልኝ። «ቫይረስ አለበት» አለ። ሲያስነጥስ አልሰማሁትም አልኩት። አልሳቀም፤ የናንተ ሙያ ሳቅ አይወድም መሰለኝ።

ኢንጂነሯም ትናንት መጣች። «ዝርዝሩ የት ደረሰ?» አለችኝ። ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጬ የምትሽከረከረዋን ክብ አሳየኋት። አብረን ተቀምጠን አየናት። ልጅቱ የሰጠኋትን ሻይ ጠጥታ ጨረሰች፣ ክቧ አልጨረሰችም። «እኔ ምን ላድርግ? ዝርዝሩ ያለው እሱ ሆድ ውስጥ ነው» አልኳት። «እባክዎ፣ አራት ወር ተኩል ብቻ ነው የቀረን» ብላ ሄደች። አሳዘነችኝ። ይሄ ኮምፒውተር ባይሆን ኖሮ ከነሐሴ በፊት እጨርስላት ነበር።

አዲስ ኮምፒውተር የሚለውን ትቼልሻለሁ። አንድ ደህና ምክር ብቻ ላኪልኝ፤ «አጥፍተህ አብራ» ያልሆነ።

አያትሽ

ኅዳር 15

ለአያቴ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ትዕግሥቱን ለእኔ ይስጠኝ።

በዚህ ሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው በሁለት ነገር ይዋሻል፤ በእድሜውና ኮምፒውተሩን አጥፍቻለሁ በማለት። በዚህ ሳምንት ብቻ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ አንዲት ሴት «አሁን አጠፋሁት» አለችኝ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እንዳልጠፋ ከስክሪኔ ላይ ይታየኛል። እርስዎን ከእሷ ጋር መደመር አልፈልግም። ግን በየቀኑ የሚጠፋ ኮምፒውተር እንደዚህ አይሆንም። አይሆንም፣ አባባ።

ስለዚህ አንድ ነገር ይታዘዙኝ። በዚህ ወረቀት ጀርባ ሦስት ቁልፎች ስዬልዎታለሁ። ሦስቱን አንድ ላይ ይጫኑ። ሰንጠረዥ ይከፈታል። ቀስት ያደረግኩበትን ይጫኑ፤ ከታች በሁለት ነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ይመጣሉ። ምን እንደሆኑ አልነግርዎትም። ከፓምፕ መለኪያ ጌጅ ላይ እንደሚያነቡት አንብበው ይላኩልኝ።

ከደብዳቤው ጋር ፍላሽ አለ። ዝርዝሩን ይቅዱበት፤ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ቢሆን እንኳ ሥራዎ እንዳይጠፋ።

የልጅ ልጅዎ

ታኅሣሥ 2

ለልጄ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በታዘዝኩት መሠረት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተነበበ፤

411:06:22:10

መጨረሻው ቁጥር እያየሁት ይሮጣል፤ አሥር ላይ ይዤዋለሁ። ፍላሹ ደርሷል፣ ዝርዝሩን ቀድቼበታለሁ። ሌላ ዜና የለም። ብርድ ነው።

አያትሽ

ታኅሣሥ 20

አባባ፤

ሰላምታው ከልብ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም ከልብ ነው።

አራት መቶ አሥራ አንድ ቀን፣ ከስድስት ሰዓት፣ ከሃያ ሁለት ደቂቃ። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ ነው። ካርቶኑን ከከፈቱበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልጠፋም። «በየቀኑ አጠፋዋለሁ» ያሉት የስክሪኑን ቁልፍ ነው? አይደለም፤ እርስዎ ማሽን ያውቃሉ፤ ስክሪኑ ጠቋሚ፣ ሳጥኑ ሞተር መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጽፌልዎታለሁ። እዚያ ከተማ በሳምንት ስንቴ መብራት እንደሚጠፋም አውቃለሁ። እንዴት አድርገው ነው አራት መቶ አሥራ አንድ ቀን ያቆዩት? ማስተካከያውስ በየሳምንቱ «አሁን ወይስ በኋላ» ብሎ ሲጠይቅዎ ስንት ጊዜ «በኋላ» አሉት?

ሦስት ወር ሙሉ በፖስታ ስንጯጯኽ ከረምን። በየምሳ ሰዓቴ ያንን ኮምፒውተር እንዴት እንደማድነው ሳስብ ነበር። ጓደኞቼን ሁሉ ጠይቄያለሁ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ «አጥፍተውታል?» ነበር፤ እኔም «አያቴ አይዋሽም» እላቸው ነበር።

ቁጥሩን ሳይ ግን ሌላ ቁጥር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ የሚነግሩኝ፣ ሁለተኛው ፓምፕ በእርስዎ እጅ ሳይቆም የሠራበት፤ ሦስት መቶ ዘጠና ሰባት ቀን። ትምህርት ቤት ሳይቀር ጉራ ነዝቼበታለሁ። ሦስት መቶ ዘጠና ስምንተኛው ቀን ላይ ምን ሆነ? ታሪኩን ሁሌም እዚያ ላይ ያቆሙና ወደ ግራሶ ይዞራሉ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ። ዝርዝሩን ያስቀምጡ፤ ያጥፉት፤ እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ፤ ያብሩት።

የልጅ ልጅዎ

ጥር 22

አባባ፤

ደህና ነዎት? ደብዳቤዬ ከደረሰ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ይገባል። በቃሌ ከበድ ብዬብዎ ከሆነ የደከመ ሰው ደብዳቤ ነበር ይበሉት። የጠየቅሁትን ግን አልተውኩትም፤ እንደጠየቅሁ ነኝ።

ቢያንስ ጤናዎን በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። እዚህ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ በቀን ስድሳ ጊዜ ነው የሚጮኸው።

የልጅ ልጅዎ

ጥር 24

ለልጄ ልጅ፤

በመጀመሪያ ጤናዬ ደህና ነው፤ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ዓይንሽ ወደ ታች እንዳይሮጥ ነው። አንቺም ደህና ሁኚልኝ።

በቁጥሩ ተያዝኩ። ማወቅ ነበረብኝ፤ ግን ከጌጅ ላይ ያነበብኩትን አልዋሽም። አፌ ይዋሻል፣ ጌጅ ሳነብ ግን አልችልበትም። ቀኑን እኔም እቆጥር ነበር። ደብተር አለኝ። «ኮምፒውተር ቁጥር አንድ፣ በሥራ ላይ።» መብራት ሃምሳ ሦስት ጊዜ ጠፍቷል፤ ከጭነት መኪና ባትሪ ጋር አያይዤው አንዴም አልተንገዳገደም። ሦስት መቶ ዘጠና ሰባትን ያለፈ ዕለት ብቻዬን ተቀምጬ ሳቅኩ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ምን ያስቀዋል አትበዪ።

አሁን ስለ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንተኛው ቀን።

መመሪያው በየመቶ ቀኑ ፓምፑን አቁሙ፣ ኩሽኔታውን ቀይሩ፣ እጠቡ ይላል። ከወንዙ ማዶ ያለው ጣቢያ አራት መቶ ቀን ሳያቆም ሠርቶ ነበር፤ የምስክር ወረቀታቸው በአለቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በየቀኑ እናየዋለን። እኔ አራት መቶ አንድ ፈለግሁ። ያቺ አንዲት ቀን ናት ነገሩ ሁሉ። መቶኛው ቀን ላይ ግራሶ መጥቶ «አቁማት» አለኝ። «በኋላ» አልኩት። ሁለት መቶኛው ላይ መጣ። በኋላ። ሦስት መቶኛው ላይ እጁን ፓምፗ ላይ ጭኖ «ትኩሳት አላት» አለኝ። ሳቅኩበት። ከዚያ ወዲያም መጣ፤ እንደ ገዳይ ነበር ያየሁት። አራት ቀን ሲቀራት ኩሽኔታው ነደደ፤ ዘንጉ ተቆለመመ። ደቡቡ ሰፈር ዘጠኝ ቀን ውኃ አላየም።

መርማሪዎች መጡ። «ኩሽኔታ የመቀባት ሥራ የማን ነው?» አሉ። የግራሶ ነው። እሱን ብቻ ነው የጠየቁኝ፣ እሱን ብቻ መለስኩ። «አቁማት ብሏችሁ ነበር ወይ?» አላሉኝም፤ እኔም ዝም አልኩ። በአሥራ አራተኛ ዓመቱ ከሥራ አባረሩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ነቀዘ። መጀመሪያ ዝም አልኩ፣ ቀጥሎ «ምናልባት እሱ ይሆናል» አልኩ፣ ከዚያ ለልጆች የሚነገር ታሪክ አደረግሁት። ከቆየ በኋላ እኔም አመንኩት፤ እግዜር ያሳይሽ።

ደብዳቤሽ በደረሰ በማግሥቱ ኮምፒውተሩን አቆምኩት። መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ሞላሁ፤ «የቆመበት ምክንያት፣ የልጅ ልጅ ትእዛዝ።» አጠፋሁት። እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ጣቴ ወደ ቁልፉ ሄዶ መለስኩት። አበራሁት። ለረጅም ጊዜ «እየተስተካከለ ነው፣ አያጥፉ» ሲለኝ ቆየ፤ የዓመት ሥራ ነበር የጠበቀው። ከዚያ ተነሣ። ልጄ፣ ምን ልንገርሽ። «ሀ» ጣቴን ሳላነሣ ትመጣለች። እንደተለቀቀ ጥጃ ነው።

እና ተቀምጬ ዝርዝሩን አየሁት። መቶ ስልሳ ሦስት። ከእሱ በታች ነጭ ነው። ድሮም ነጭ ነበር። ኮምፒውተሩ አልነበረም ያዘገየኝ፤ መቶ ስልሳ ሦስቱን በነሐሴ ጨርሻለሁ። የቀሩት አምሳ አንዱ የደቡቡ መስመር ናቸው፣ የደቡቡን መስመር የሚያውቀው ቫልቮቹን ሲቀባ የኖረው ግራሶ ብቻ ነው። ክቧ እየተሽከረከረች ሳለ ግን ለኢንጂነሯም ለራሴም የማሳየው ነገር ነበረኝ። አሁን ይሄ ጉደኛ ፈጥኖ ይጠብቀኛል። ምን ልበላት?

አንድ ቀን እሄዳለሁ። ጉልበቴ ሻል ሲለኝ።

አያትሽ

የካቲት 11

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ጉልበትዎ መንገድ ለመሻገር ነው ያመመዎ? በየጠዋቱ እስከ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዱ የለም?

ስምንት ዓመቴ ሳለ የቤቱ ቁልፍ ጠፍቶብኝ በር ላይ ቆሜ ሳለቅስ ግራሶ ከማዶ አየኝ። መጥቶ በሩን ከፈተልኝ፤ አዲስ ቁልፍ ቀርጾ በክር አንገቴ ላይ ሊያስርልኝ እጁን ዘረጋ። ሸሸሁት። «አንተ ፓምፑን ያቃጠልከው ሰውዬ ነህ» አልኩት። ቁልፉን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አባባ፣ ያንን የተናገርኩት በእርስዎ አፍ ነው።

እዚህ ቀኑን ሙሉ ሰዎች «በኋላ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ አያለሁ። ምንም አይሆንም ይላሉ፤ አዎ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም አይሆንም። ያለ ማስጠንቀቂያ ተበላሸ ብለው የሚደውሉልኝ እነሱ ናቸው።

አንድ ወር ቀርቷል፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ደግሞ ሁለት ሳምንት። ደቡቡ ሰፈር ሁለተኛ በእርስዎ ምክንያት ውኃ እንዳይጠማ። ይሂዱ።

የልጅ ልጅዎ

መጋቢት 6

ሰላምታ ለነፈገችኝ ለልጄ ልጅ፤

እኔ አልነፍግሽም። ቀንሽ ይባረክ፣ ክፍልሽ መስኮት ያውጣ፣ ስልክሽ ለአንድ ቀን እንኳ ዝም ይበልልሽ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሐሙስ ደረሰ። አንብቤ አጠፍኩት፤ እንደገና ከፈትኩት። ቁልፉን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሄደ ከሚለው ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። ከዚያ ከዘራዬን አንሥቼ መንገዱን ተሻገርኩ። አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው።

ግራሶ ከቆርቆሮ ሱቁ ፊት ተቀምጦ ቁልፍ ይሞርዳል። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ሰላም ላንተ ይሁን» አልኩት።

«ቁልፍ ጠፋብህ?»

«አልጠፋብኝም።»

«እንግዲያው ብርሃኑን አትጋርደኝ።»

እሱንም ያው ፓምፕ ነው ያደነቆረው። ቀስ ብዬ፣ ለእሱ ብቻ ልናገረው ያዘጋጀሁትን ነገር ሁሉ መጮኽ ሊኖርብኝ ነው ማለት ነው። ጮኽኩ። ሁለተኛውን ፓምፕ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ አልኩት።

እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ። «ምን?»

ደገምኩት። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ መኪናውን አቆመ።

«አልሰማሁም» አለ።

ሦስተኛውን ስጮኽ ከፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ፣ ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ቆሙ። ከመጀመሪያው እንደሰማኝ ዓይኑን አይቼ አውቄያለሁ። አልተቀየምኩም፤ እኔ ብሆን አምስት ጊዜ ነበር የማስጮኸው። ከዚያ ሞረዱን አስቀመጠ።

«ስንቴ አቁማት አልኩህ?»

«አራቴ።»

«አምስቴ ነው።»

«አራቴ ነው፤ መዝገቡ ላይ አራት ነው ያለው።»

«አምስተኛውን መዝገብ ላይ አልጻፍከውም» አለኝ።

እውነቱን ነው። አልጻፍኩትም። ሦስት መቶ ዘጠና አምስተኛው ቀን ላይ ነበር፤ ላንቺም ደብቄሻለሁ፤ ከራሴም ደብቄው ኖሯል።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?»

ነገርኩት። አምሳ አንዱን ቫልቭ፣ ኢንጂነሯን፣ መጋቢት 15ን። «ለአንተ ብዬ አይደለም፤ እኔም የማገኘው ውኃ በዚያው መስመር ነው» አለ። ቀጥሎ ቅድመ ሁኔታውን ነገረኝ። የዝርዝሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከቫልቭ ቁጥር አንድ በፊት፣ ፓምፑን ማን እንዳቃጠለው እንዲጻፍ፣ አምስቴ አቁማት መባሉም እንዲጻፍ። ከነፊርማ። መሥሪያ ቤቱ እንዲያነበው።

ሱቁን ዘግቶ ተከትሎኝ መጣ። ኮምፒውተሩን ሳበራው ቆሞ አየና «ይሄኛውን ታቆመዋለህ?» አለኝ። በየሳምንቱ አልኩት። «በየቀኑ አቁመው፤ አንተን አውቅሃለሁ» አለ። የመጀመሪያውን ገጽ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «አምስቴ» የሚለውን በፊደል ብቻ ሳይሆን በቁጥርም አስጨመረኝ።

«ጻፍ» አለ ከዚያ። «መቶ ስልሳ አራት። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሦስት እርምጃ፣ ጥልቀቱ እስከ ብብት።»

አራት ቀን ፈጀብን። ስላንቺ አንድ ቀን ጠየቀኝ፤ «ያቺ ቁልፍ የጠፋባት ልጅ የት ደረሰች?» ባሕር ማዶ ኮምፒውተር ትጠግናለች አልኩት። የጻፍሽውን ላነብለት ብዬ ደብዳቤሽን ካወጣሁ በኋላ መልሼ አስገባሁት። ያ የአንቺ ነው፤ ጻፊለት። አድራሻው ቀላል ነው፣ ከእኔ ትይዩ።

ትናንት ሁለት መቶ አሥራ አራተኛውን ጽፈን ዝርዝሩን ዘጋን። ኢንጂነሯ ነገ መጥታ ትወስደዋለች። ዛሬ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሩ ተንኳኳ። ግራሶ።

«ጨርሰናል እኮ» አልኩት።

«የኔን ጨርሰናል» አለ። «አሁን ያንተን መቶ ስልሳ ሦስት አንብብልኝ።»

«ለምን?»

«አላምንህም።»

ኮምፒውተሩን አብርቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሰባተኛው ላይ አስቆመኝ። ቫልቩ ከመንገዱ በስተግራ ነው አለ፤ እኔ በስተቀኝ ጽፌዋለሁ። ተከራከርን። ከዘራዬን ይዘን ወጥተን እዚያው ቦታ ላይ የቫልቩ ክዳን እስኪነካን መሬቱን ቆረቆርን።

በስተግራ ነው። አርሜዋለሁ፤ አሁን ከስምንተኛው እንቀጥላለን።

አያትሽ